ሊገታ የማይችለውን ነገር በቅጽል ስለ መግለጽ

ቅጽል ከስም በፊት እየገባ የስሙን ዓይነት፣ መጠን ወይም ጠባይ የሚገልጽ ቃል መሆኑን ባለፉት ትምህርቶች ተመልክታችኋል። «ቀይ»፣ «ረጅም»፣ «ደግ» የመሳሰሉት በራሳቸው ቅጽሎች ናቸው። የሚይዘው ወይም የሚያቆመው የታጣለትን ነገር ለመግለጽ ስንፈልግ ግን ብዙውን ጊዜ የምንጠቀመው ከግሥ በተገኘ ቅጽል ነው። «የማይገታ»፣ «የማይገደብ»፣ «የማይታፈን» የሚሉት ከዚህ ወገን ናቸው። በዚህ ትምህርት አመሠራረታቸውን፣ አመራረጣቸውንና በድርሰት ውስጥ የሚጠይቁትን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

፩. አመሠራረት

«አይገታም» የሚለውን አሉታዊ ግሥ ውሰዱ። በመነሻው ላይ «የም» ሲጨመርና የመጨረሻው «ም» ሲወድቅ «የማይገታ» ይሆናል። ግሡ በኃላፊ ጊዜ «አልተገታም» ሲሆን ደግሞ «የ» ተጨምሮበት፣ የመጨረሻው «ም» ወድቆ «ያልተገታ» ይባላል። በንባብ ጊዜ ማጥበቅንና ማላላትን ልብ በሉ።

ምሳሌ፦
ሀ. ፈረሱን የማይገታ ጋላቢ ከገደል ይገባል።
ለ. የማይገታ ፈረስ ለጋላቢው አደጋ ነው።

በ«ሀ» ውስጥ «ገ» ይላላል፤ ግሡ አድራጊ ነው፤ ጥፋቱም የጋላቢው ነው። በ«ለ» ውስጥ «ገ» ይጠብቃል፤ ግሡ ተደራጊ ነው፤ ነገሩም በፈረሱ ላይ ይወድቃል። ጽሕፈቱ አንድ ሲሆን ተጠያቂው ተለወጠ። ይህን ነጥብ ያዙ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. አመራረጥ

ስሙ የሚስማማውን ግሥ መርጦ ማግባት ያስፈልጋል። ጋላቢ ልጓሙን ስቦ ፈረሱን ሲያቆም «ገታ» ይባላል። ስለዚህ «የማይገታ» የሚለው ቅጽል ሩጫና ግሥጋሤ ላለው ነገር ይስማማል፤ ሠራዊት፣ ተላላፊ በሽታ፣ ቁጣ በዚህ ሊገለጹ ይችላሉ። «የማይገደብ» የውኃ ቃል ነው፤ ለወንዝና ለጎርፍ ይነገራል፤ በምሳሌያዊ አነጋገርም ለሥልጣንና ለምኞት ይሆናል። «የማይታፈን» ደግሞ ለድምፅ፣ ለሳቅና ለጢስ ይስማማል።

«የማይቀር» የሚለውን ከእነዚህ ጋር አታደባልቁ። «የማይቀር» ገና ያልደረሰ ነገር መድረሱ እርግጥ መሆኑን ያመለክታል፤ ሞት የማይቀር ነው እንላለን። «የማይገታ» ግን ጉዞውን የጀመረ ነገር የሚያቆመው ማጣቱን ይናገራል።

«ልቅ» እና «ስድ» የተባሉት ቅጽሎችም ከ«ለቀቀ» እና ከ«ሰደደ» የመጡ እንደ መሆናቸው ያልታሰረን ነገር ያመለክታሉ፤ ነገር ግን ነቀፌታ ያዘሉ ናቸው። «ስድ ልጅ» ማለት ያልታረመ ልጅ ማለት ነው። «ስድ ንባብ» ሲባል ብቻ ጽሑፉ በግጥም ስልት አለመታሰሩን ስለሚገልጽ ነቀፌታ የለበትም። እንግዲህ የእናቱን መመለስ ያየ ሕፃን ደስታ «ልቅ ደስታ» ቢባል አያምርም፤ «ገደብ የሌለው ደስታ» ይባል።

፫. ጥንቃቄ

የሚከተሉትን ሦስት አነጋገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ያልተገታ፦ እስከ ተነገረበት ጊዜ ድረስ ማንም አላቆመውም።
ለ. ሊገታ የማይችል፦ ማንም ሊያቆመው አይችልም።
ሐ. ሊገታ የማይገባው፦ ቢቻል እንኳ ማቆሙ ተገቢ አይደለም።

«የማይገታ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የ«ለ»ን ትርጉም ይሰጣል። ጸሐፊዎች ግን «ያልተገታ» ማለት ሲገባቸው «የማይገታ» ይላሉ። ልዩነቱን በታሪክ እንመልከት። «ደስታ» በሚል ስም የሚጠራው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። የሚያርስ በሬ ታጣ፤ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር ተዳምሮም «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኀብ አስከተለ። በዚያን ጊዜ የነበረ ሰው «የማይገታ በሽታ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ የሚገታበትን መንገድ አያውቅም ነበርና። ይሁን እንጂ በሽታው ከብዙ ዘመን በኋላ በክትባት ተገትቶ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ስለዚህ ዛሬ ያንኑ ታሪክ የምትጽፉ ተማሪዎች «በዘመኑ ያልተገታ በሽታ» ብትሉ እውነቱን ትናገራላችሁ። «የማይገታ» የሚለው ቃል የሰውን ጥረት በር ይዘጋል፤ «ያልተገታ» የሚለው ግን በሩን ክፍት ይተዋል።

አሁን ወደ ጋላቢውና ወደ ፈረሱ እንመለስ። አንድ ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ፣ «የማይገታ ቁጣ ስለ ያዘኝ ጓደኛዬን መታሁት» ብሎ ጻፈ እንበል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት አባቱ በደጅ ቢያልፉ ኖሮ ተማሪው እጁን አይሰበስብም ነበርን? ይሰበስብ ከነበረ ቁጣው የሚገታ ቁጣ ነበር ማለት ነው። ግሡ ተደራጊ በመሆኑ ቁጣው ፊት ቀርቦ የቁጣው ባለቤት ከኋላ ተሸሸገ። «ያልገታሁት ቁጣ» ቢል ኖሮ ግን ግሡ አድራጊ ይሆናል፤ ልጓሙ በማን እጅ እንደ ነበረም ይታወቃል። በሁለቱ ቅጽሎች መካከል ያለው ልዩነት በማመካኘትና በመናዘዝ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እንግዲህ «የማይገታ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ በእውነት የሚገታው የለምን? ካለስ፣ ሳይገታው የቀረው ማን ነው? መልሱን ካገኛችሁ ትክክለኛው ቅጽል ራሱ ይመጣል።

መልመጃ

፩. «የማይመልስ» እና «የማይመለስ» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር እያስገባችሁ የአድራጊውንና የተደራጊውን ልዩነት አስረዱ።
፪. ለሚከተሉት ስሞች ተስማሚ ቅጽል ምረጡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት ጻፉ፦ ጎርፍ፣ ሳቅ፣ እርጅና፣ የእሳት ቃጠሎ።
፫. በአካባቢያችሁ ሰዎች «የማይገታ» የሚሉትን አንድ ችግር መርጣችሁ፣ የማይገታ ወይም ያልተገታ መሆኑን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።