«ባስ ጨምሩልን» ለምትሉን ሁሉ

እኔ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን የሙዚቃና የድምፅ ተረኛ ነኝ። የሀሳብ መስጫ ሳጥናችንን ስንከፍት ብዙዎቹ ወረቀቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ባስ ጨምሩልን!» አንዱማ «ሙዚቃችሁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» ብሎ ጽፎልናል። በምሰሶው አጠገብ ያሉት የ1ኛ ክፍል መምህራን ደግሞ «ድምፁ ይረብሻል፣ ማስታወቂያውም ምን እንደሚል አይለይም» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መልሱ ያለው ኢኳላይዘር የሚባለው ነገር ላይ ስለሆነ ዛሬ ስለሱ ላስረዳችሁ።

ኢኳላይዘር ምንድን ነው?

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ድምፅ ንዝረት ነው። በ1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካው በሄርዝ ነው። ጤነኛ የልጅ ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል። ትልቅ ከበሮ ሲመታ «ድም» የሚለው ወፍራም ድምፅ ከታች ነው፤ ባስ የምንለው እሱን ነው። የሰው ድምፅ፣ ክራርና ማሲንቆ በብዛት የሚገኙት መሀል ላይ ነው። የጸናጽል ቅጭልጭልታ ደግሞ ከላይ ነው፤ እሱ ትሬብል ይባላል።

ቮሊዩም ስንጨምር ሁሉም አብሮ ይጨምራል። ኢኳላይዘር ግን እየለየ ይጨምራል፣ እየለየ ይቀንሳል። ክበባችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱ 10 መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው የ60 ሄርዝ፣ የመጨረሻው የ16,000 ሄርዝ ነው። የጨመርነውና የቀነስነው መጠን በዴሲቤል ይቆጠራል።

ታዲያ ባሱን ለምን አንጨምርም?

ባስ እንዲወጣ ብዙ አየር መገፋት አለበት። ሠርግ ቤት የምታዩት ሞንታርቦ ትልቅ የሆነው ለዚህ ነው። የእኛ ምሰሶ ላይ ያለው ግን እንደ ጥሩምባ አፉ የሰፋው ዓይነት ነው። አፉ ቢሰፋም ውስጡ የሚርገበገበው ስስ ነገር ትንሽ ነው። የተሠራውም ንግግርን ሩቅ ለማድረስ ነው። 60 ሄርዝ ብትልኩለት አያወጣላችሁም።

«ባይወጣስ ምን ይጎዳል? ዝም ብላችሁ ጨምሩ» የሚል ይኖራል። ይጎዳል! 3 ዴሲቤል በጨመርን ቁጥር አምፕሊፋየሩ ለዚያ ድምፅ የሚያወጣው ኃይል እጥፍ ይሆናል። 12 ዴሲቤል ስንጨምር ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። ያ ሁሉ ኃይል ለማይሰማ ነገር ይባክናል። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ሲያልቅበት የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ያኔ ዘፋኙም ከበሮውም አብረው ይሻክራሉ። ሲደጋገም ድምፅ ማጉያው ሊቃጠል ይችላል። ያለን ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ የሰልፍ መዝሙርም፣ የዓርብ ግጥምም፣ የፈተና ማስታወቂያም የለም።

ንግግር ለምን አይለይም?

በተለመደው የስልክ መስመር የሚያልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለው ብቻ ነው። ባስ የለውም፤ ግን እናታችን ስትደውል ወዲያው እናውቃታለን። ስለዚህ ንግግር ለመስማት ባስ ግድ አይደለም። ይልቅ ቃላትን የሚለዩልን ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። እስቲ «ሠራ»፣ «ፈራ»፣ «ሸራ» በሉ። ልዩነቱ ያለው መጀመሪያ ላይ በምትሰማው የ«ስ»፣ የ«ፍ» እና የ«ሽ» ትንፋሽ ነው። ባሱ ሲበዛ ያንን ትንፋሽ ይሸፍነዋል። የ1ኛ ክፍል ልጆች ገና ፊደል እየለዩ ስለሆነ ለእነሱ ይሄ ቀልድ አይደለም።

እኛ እንዴት እናስተካክላለን?

1ኛ፦ ሁሉንም መስመር ዜሮ ላይ እናደርጋለን። «ሮክ»፣ «ፖፕ» የሚሉትን የተዘጋጁ ምርጫዎች አንነካም፤ የእኛን ድምፅ ማጉያ አያውቁትም።
2ኛ፦ 60 እና 170 ሄርዝን ዝቅ እናደርጋለን።
3ኛ፦ ድምፁ በርሜል ውስጥ ያለ ከመሰለ ከ310 እና ከ600 ሄርዝ ጥቂት እንቀንሳለን።
4ኛ፦ ቃላቱ ካልለዩ 3,000 ሄርዝን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ እናደርጋለን። ከበዛ ጆሮ ይበሳል።
5ኛ፦ የጨመርነው ነገር ካለ ፕሪአምፕ የሚለውን በዚያው ልክ እንቀንሳለን።
6ኛ፦ አንድ ልጅ ሰንደቅ ዓላማው ጋ፣ አንድ ልጅ ውሃ ቧንቧው ጋ፣ አንድ ልጅ 1ኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ክፍላችን ውስጥ ጥሩ የመሰለን ሜዳ ላይ ሌላ ነው።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኢኳላይዘር የሚነካው ሙዚቃውን ብቻ ነው። ማይክራፎኑ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ስለሚገባ እሱን የምናስተካክለው አምፕሊፋየሩ ላይ ባሉት የባስና የትሬብል መዘውሮች ነው።

ኢኳላይዘር የማይችለውም አለ። ከስልክ ስልክ ሲገለባበጥ ጥራቱ የወረደ ዘፈን ብታመጡልን የጠፋውን አይመልሰውም። ስለዚህ በፍላሽ ስታመጡ የተሻለውን ቅጂ ምረጡ። ቤት ውስጥ በኢርፎን ስትሰሙም ባስ ሲያንሳችሁ ቮሊዩሙን አታጩኹት፤ መሀሉንና ትሬብሉን ትንሽ ቀንሱና ባሱ በራሱ ይወጣላችኋል። ጆሯችሁም ይተርፋል።

እና «ባስ ጨምሩልን» ያላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ አልናቅናችሁም። ትልቅ ሞንታርቦ የገባ ቀን የመጀመሪያውን ዘፈን እናንተ ትመርጣላችሁ። እስከዚያው ግን ቃሉ ለሁሉም ይሰማ! ጥያቄ ያለው በሳጥኑ ይጻፍልን።

ቸር እንሰንብት!