ፕሮቲን ለመፍረስ የሚታጨው እንዴት ነው?

ሕዋስ ፕሮቲን እየሠራ፣ የሠራውንም እያፈረሰ ይኖራል። አንዳንዱ ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ይወገዳል፤ ሌላው ለሳምንታት ይቆያል። ፕሮቲንን መሰባበር በባሕርይው ኃይል የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሕዋሱ ግን ለማፍረስም ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ምንጩን ያወጣል። ለምን?

ይህን ጥያቄ የመለሱት በሃይፋው ቴክኒዮን የነበሩት አቭራም ሄርሽኮና ተማሪያቸው አሮን ቺካኖቨር፣ ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር ሆነው ነው። ገና ባልጎለመሱ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ያደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ወጪው የሚከፈለው ለመምረጥ ነው። ዩቢኩዊቲን የተባለች 76 አሚኖ አሲዶች ያሏት ትንሽ ፕሮቲን በሚወገደው ፕሮቲን ላይ በሰንሰለት ትለጠፋለች። ፕሮቲዮዞም የተባለው በርሜል መሰል አካል ምልክቱን ለይቶ ፕሮቲኑን ወደ ውስጥ ስቦ ይቆራርጠዋል። ዩቢኩዊቲኗ ግን ተነቅላ ለሌላ ሥራ ትመለሳለች። በየትኛው ፕሮቲን ላይ እንደምትለጠፍ የሚወስኑት ኢ3 የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ በሰው ውስጥ ከ600 በላይ ዓይነት አላቸው። የሕክምናው ተስፋ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ታሊዶማይድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር፤ ነፍሰ ጡር እናቶችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ፤ በ1961 መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ተነሣ። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ሴሬብሎን ከተባለ የኢ3 ክፍል ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ኢ3ው መንካት የማይገባውን ፕሮቲን ያስፈርሳል። የታሊዶማይድ ዘመድ የሆነው ሌናሊዶማይድ ዛሬ ማይሎማ የተባለውን የደም ካንሰር የሚያክመው በዚሁ መንገድ ነው፤ የካንሰሩ ሕዋስ የሚኖርባቸውን ፕሮቲኖች ያስፈርስበታል። ያን ያህል ልጆችን የጎዳ ባሕርይ ታማሚን ለመርዳት መዋሉ ለእኔ ከዘመናችን ሕክምና ታላላቅ ታሪኮች አንዱ ነው። አሁን ተመራማሪዎች በአንድ ጫፉ ኢ3ን፣ በሌላው ጫፉ ጎጂውን ፕሮቲን የሚይዝ ሞለኪውል አስበው ይሠራሉ። የመጀመሪያው በ2001 ይፋ ሆኗል።

ቫይረሶች ግን ይህን ዘዴ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሰውን ኢ3 ጠልፎ፣ ሕዋስን ከካንሰር የሚጠብቀውን ፒ53 ያስፈርሳል። ቫይረሱን አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ዕድሜዋ ሲደርስ አስከትቧት።