ተትራሳይክሊንና የልጆቻችን ጥርስ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ተገናኝተው አንድ ወንዝ ከሆኑ በኋላ ወደ ሰሜን ሲወርዱ የጥንቱን የኑብያን አገር ያቋርጣሉ። በ1960ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአስዋን ግድብ ውሃ ይህን አገር ሊያጥለቀልቀው በተቃረበ ጊዜ፥ ከጥንቶቹ ቤተ መቅደሶች አንዳንዶቹ ተነቅለው ወደ ካርቱም ተወሰዱ፤ በዋዲ ሃልፋ አካባቢ ከመቃብር የወጡት የሰው ዐጥንቶች ደግሞ ለምርምር ወደ አሜሪካ ተላኩ።

እነዚህ ከ350 እስከ 550 ዓመተ ምሕረት የነበሩ ሰዎች ዐጥንቶች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመረመሩ ቢጫማ አረንጓዴ ሆነው አበሩ። ይህም ተትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ምልክት መሆኑ በ1980 ተገለጸ። የዚህ መድኃኒት ወገን የሆነው የመጀመሪያው ግን ለዓለም የታወቀው ገና በ1948 ነው። በ2010 ጆርጅ አርሜላጎስና የኬሚስትሪው ሊቅ ማርክ ኔልሰን ዐጥንቱን በአሲድ አሟሙተው ነገሩን አረጋገጡ። ምንጩም፥ በአፈር ውስጥ የሚኖር መድኃኒቱን የሚያመነጭ ረቂቅ ተሕዋስ የገባበት፥ ከእህል የተጠመቀ እንደ ጠላ ያለ መጠጥ መሆኑን ያስረዳሉ።

ከዚህ ታሪክ ለእናቶች የሚገኘው ትምህርት ከፍ ያለ ነው። ተትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ በማደግ ላይ ባለ ዐጥንትና ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር እናት ብትወስደው፥ የልጁ ጥርስ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም ፍቆ ማስለቀቅ አይቻልም። በዚሁ ምክንያት ከወተት ወይም ከአይብ ጋር የተዋጠ እንክብል በሆድ ውስጥ ከካልሲየሙ ጋር ስለሚጣበቅ በሚገባ ወደ ደም አይደርስም። በሐኪም ትእዛዝ ለዓይን የሚቀባው ቅባት ግን ይህን የጥርስ ጉዳት ያመጣል ተብሎ አይፈራም።

መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ተሕዋስያኑ ፕሮቲን እንዳይሠሩና እንዳይራቡ ያግዳል፤ የቀረውን የሰውነት ኃይል ይፈጽመዋል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በእርሱ ይድናሉ። ለጉንፋን ግን ምንም አይረባም፤ የጉንፋን መነሻ ቫይረስ ነውና።

ስለዚህ፥ ውድ እናቶች፥ ከጎረቤት የተረፈውን እንክብል ለልጅ አትስጡ፤ ሐኪም ያዘዘውንም ሳትጨርሱ አታቋርጡ። ጊዜው ያለፈበት ተትራሳይክሊን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በቤት ውስጥ አታስቀምጡ።