ከገበያ የመጣች ዶሮ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዶሮና ስለ እርግብ ነው። ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ፣ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

ለገንዘብ ብቻ ሳይሆን ወዶት ዶሮ የሚያረባ ብዙ ሰው አለ። ጠዋት ጥሬ ስትበትኑላቸው እየተሯሯጡ ሲመጡ፣ ማታ ቆጥ ላይ በየቦታቸው ሲሰፍሩ ማየት ደስ ይላል። እርግብማ የባሰ ነው! እርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ባልና ሚስት ተራ ገብተው ያቅፋሉ፤ እሷ ሌሊቱን፣ እሱ ቀን ቀኑን። በ18 ቀን ገደማ ጫጩቶቹ ይወጣሉ። መጀመሪያ የሚመገቡት ከወላጆቻቸው ጉሮሮ የሚወጣ፣ እርጎ የሚመስል ነገር ነው። አባትየውም እንደ እናትየው ይመግባል። ዶሮ ግን የምትደክመው ብቻዋን ነው፤ 21 ቀን ታቅፋለች። ያስታቀፋችሁበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉት። ይቺን 21 የምትል ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንዲት እናት 14 ዶሮ አሏቸው እንበል። ለዐውዳመት ገበያ ወጥተው አንዲት ያማረች ገብስማ ገዙ። ወደ ቤት አምጥተው ከሌሎቹ ጋር ለቀቋት። በሳምንቱ አንዷ ክንፏን ጣለች። ሌላዋ አፏን ከፍታ ታቃስት ጀመር። አረንጓዴ ቅዝን ታየ፤ አንገቱ የተጠማዘዘም ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግቢው ባዶ ቀረ።

ይኼ ፈንግል ነው። አንዳንዱ «ዓይን በላቸው» ይላል፤ አይደለም። ፈንግልን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። በትንፋሽ፣ በኩስ፣ በውሃ ገንዳ፣ በጫማ ሳይቀር ይተላለፋል። እርግብንም ይይዛል። ያቺ ገብስማ ስትገዛ ጤነኛ ትመስል ነበር፤ በሽታው ግን ውስጧ ነበር።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አረቄም የሚያጠጡ አሉ። ሰው ሲጨንቀው ምን ያድርግ? ግን ፈንግል አንዴ ከገባ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ከሁሉ የከፋው የታመመችውን ቶሎ ወስዶ መሸጥ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በሽታውን ለጎረቤቱ ሸጠ ማለት ነው። የሞተውን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል? አዲስ የመጣች ዶሮ ወይም እርግብ ለብቻዋ 21 ቀን ትቆይ፤ ልክ ዶሮ የምታቅፈውን ያህል። ውሃዋም መኖዋም ለብቻው ይሁን። መጀመሪያ የቆዩትን መግቡ፣ እሷን በመጨረሻ፤ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

ሁለተኛው ክትባት ነው። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ የሚደረግ አለ። የሚከተበው ጤነኛው ነው፤ ለታመመው አይረዳም። አንዴ ተከትቦ አይበቃም፣ በየጥቂት ወሩ ይደገማል። የአካባቢያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለአንዲት ዶሮ ብልቃጥ መክፈት ስለማያዋጣ ከጎረቤት ጋር ተሰብስባችሁ አስከትቡ። ብልቃጡ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ ራሳችሁ አንብቡት። ያስከተባችሁበትንም ቀን ከማስታቀፊያው ቀን አጠገብ ጻፉ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሸለምጥማጥ ስለማይገባበት የዶሮ ቤት እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።