ለድሮ ጌም የሚከራይ ሰርቪስ ቤት

ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያደገ ሰው ስፔስ ካዴት ፒንቦልን አይረሳትም። ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ከካርታ ጨዋታው ቀጥላ የምትከፈተው እሷ ነበረች። ከዚያ ዊንዶውስ ቪስታ መጣና ጠፋች። ማይክሮሶፍት ሰልችቶት ያወጣት የሚመስለው ብዙ ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የኩባንያው ነባር ፕሮግራመር ሬይመንድ ቼን በብሎጉ እንደጻፈው፣ ጨዋታዋን ወደ 64 ቢት ሲያዞሯት ኳሷ የሚያግዳትን ሁሉ እንደ መንፈስ እያለፈች ቁልቁል ትወድቅ ጀመር። ኮዱን የጻፈው ሌላ ድርጅት ነው፤ ማብራሪያ የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። ስህተቱ የት እንደተደበቀ ማግኘት አቃታቸውና ተዋት።

እንግዲህ አስቡት፣ ገንዘብም ባለሙያም ያልቸገረው ኩባንያ አንዲት ኳስ ማዳን አልቻለም።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ካፒታል ያረጃል ይሉናል። ማሽን ይዝጋል፣ መኪና ይበላል፣ ሒሳብ ሠራተኛውም በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይቀንስለታል። ሶፍትዌር ግን አይዝግም። በ1999 የተጻፈ የጌም ፋይል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በደንብ ከተቀመጠ ዛሬም አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። የተለወጠው በዙሪያው የነበረው ነገር ነው፦ ዊንዶውሱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ድራይቨሩ። ጌሙ እዚያው ቆሞ ሰፈሩ ፈርሷል። ስለዚህ ጌሙን መጫወት ከፈለጋችሁ ሰፈሩን መልሳችሁ መሥራት አለባችሁ፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ነገር ሥራው ይሄ ነው።

ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ፊት ለፊት ዋናው ቤት አለ፤ ከኋላ ሰርቪስ ቤት አለ። የሰርቪሱ ተከራይ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ምድጃ አለው። መብራቱና ውሃው ግን የሚመጣው ከአከራዩ ቆጣሪ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 ዋናው ቤት ነው። ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር የሚባለው ፕሮግራም ጓሮ ውስጥ ሰርቪስ ይሠራል፤ እናንተ ደግሞ እዚያ ኤክስፒን ታስገባላችሁ። ኤክስፒ ከራሙና ከፕሮሰሰሩ የተሰፈረለትን እየተጠቀመ፣ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለ መስሎት ይኖራል። ሃርድ ዲስኩ የምትሉት ነገር እንኳን ዋናው ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ያስፈልጋል? ጌሙን ዊንዶውስ 11 ላይ ኢንስቶል ማድረግ አይቻልም ወይ? አንዳንዱ ይቻላል። ብዙው ግን ገና ከመጫኛው ይቆማል። የ1990ዎቹ ጌሞች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው ሳለ መጫኛቸው ብቻ 16 ቢት የሆነ ሞልቷል፤ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት የሆነን ነገር ጨርሶ አይከፍትም። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ሁለቴ ትጫናላችሁ፣ ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ አይሠራም ይላችኋል፣ አለቀ።

ሁለተኛው መሰናክል የበለጠ ያናድዳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ጌሞች ሴፍዲስክ የሚባል ቁልፍ ነበራቸው፤ ዋናው ሲዲ መግባቱን ካላረጋገጠ ጌሙ አይነሳም። ይህ ቁልፍ ዊንዶውስ ውስጥ የራሱን ድራይቨር ይተክል ነበር። ማይክሮሶፍት ድራይቨሩ ለአደጋ የሚያጋልጥ ቀዳዳ ነው ብሎ በ2015 ዊንዶውስ 10 ላይ ከለከለው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በአፕዴት አማካይነት ቪስታ፣ 7 እና 8 ላይም ዘጋው። ውጤቱን ተመልከቱ። ገንዘቡን ከፍሎ ኦሪጅናል ሲዲ የገዛው ሰው ደጅ ቀረ፤ በፍላሽ ሲዞር የነበረው ክራክ የተደረገው ኮፒ ግን ዛሬም ይነሳል። እዚህ አገር ኦሪጅናል ሲዲ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ ብዙም አልተሰማንም፤ ግን ሐቀኛውን የሚቀጣ ቁልፍ እንደማየት ለኢኮኖሚስት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር የለም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መጀመሪያ ላፕቶፑን ስታስነሱ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መብራቱን አረጋግጡ። ኢንቴልና ኤኤምዲ ይህን ችሎታ ፕሮሰሰራቸው ውስጥ ማስገባት ከጀመሩ ወደ 20 ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለኤክስፒ 1 ጊጋ ራም ከበቂ በላይ ነው። እኔ 8 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው የምጠቀመው፤ ክሮምን ዘግቼ ስጫወት ምንም አይሰማውም። ለሃርድ ዲስኩ 20 ጊጋ ብትፈቅዱለትም ፋይሉ የሚያድገው በውስጡ ባስገባችሁት ልክ ነው። ሲዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ዛሬ ብርቅ ስለሆነ የጌሙን ሲዲ አይኤስኦ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ፤ ኤክስፒ ሲዲ የገባ ይመስለዋል።

አንድ ነገር አደራ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደህንነት አፕዴት መስጠት ያቆመው ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ የሰርቪሱን የኔትወርክ ገመድ ከሴቲንግ ውስጥ ንቀሉት፤ ለ1999 ጌም ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ደግሞ ኤክስፒ ተጭኖ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስናፕሾት አንሱ። ነገር ቢበላሽ በአንድ ክሊክ ወደዚያች ቅጽበት ትመለሳላችሁ። ፎርማት ለማስደረግ ኮምፒውተር ተሸክሞ የተጓዘ ትውልድ የዚህን ጥቅም ያውቃል።

እስካሁን ቀላሉ ነው። ከባዱ ግራፊክሱ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎችም እዚህ ጋር ድምፃቸው ቀነስ ይላል። ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ኤክስፒ የላፕቶፓችሁን ግራፊክስ ካርድ በቀጥታ አያየውም። የሚታየው የተሳለ ካርድ ነው፤ 3ዲ ሲጠይቅ ትእዛዙን ተቀብሎ ለእውነተኛው ካርድ የሚያስተረጉም አካል በመሀል መኖር አለበት። ቨርቹዋልቦክስ ለኤክስፒ ይህን ያስተረጉም ነበር፤ በ2019 መጨረሻ በወጣው 6.1 ላይ ግን ተወው። ስለዚህ በዛሬው ቨርቹዋልቦክስ ኤክስፒ ላይ 3ዲ ጌም አትጠብቁ። የካርታ፣ የእንቆቅልሽ፣ የጥንት ስትራቴጂ ጌም ግን ያለችግር ይጫወታል። ደግሞ እንደ ሃፍ ላይፍ ያሉ የ1990ዎቹ ጌሞች ሴቲንጋቸው ውስጥ ሶፍትዌር የሚል ምርጫ አላቸው፤ ያኔ 3ዲ ካርድ የሌለው ሰው ስለሚበዛ ሥዕሉን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይስለው ነበር። ያ ለድሆች የተተወ ምርጫ ዛሬ መዳኛችን ሆኗል።

ለቀረው ቪኤምዌር ይሻላል። ዎርክስቴሽን ፕሮ የሚባለው በ2024 ለግል ተጠቃሚዎች፣ ቆየት ብሎም ለሁሉም ነፃ ሆኗል፤ ለኤክስፒም 3ዲ ይሰጣል። እኔ ሚድታውን ማድነስን የምነዳው እዚያ ነው። ቺካጎ ከተማ ውስጥ ትራፊክ መብራት እየጣሱ መንዳት ነው፤ ማይክሮሶፍት በ1999 ያወጣው፣ ኤንጅል ስቱዲዮስ የሠራው።

ስልክ ላይስ? እዚህ ጋር ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ቨርቹዋል ማሽን የሚያከራየው ያለውን ፕሮሰሰር ነው፤ የስልካችን ፕሮሰሰር ደግሞ የሌላ ዘር ስለሆነ የድሮ ዊንዶውስ ቋንቋውን አይሰማም። ስለዚህ ስልክ ላይ የሚሠራው ኪራይ ሳይሆን ትርጉም ነው። ዶስቦክስ የዶስ ዘመን ጌሞችን በሚገባ ያጫውታል፤ መካከለኛ ስልክ እንኳን ይበቃዋል። ዊንላተር የሚባለው ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ሳይኖር የዊንዶውስ ጌም አንድሮይድ ላይ ለማስነሳት ይሞክራል። አንዳንዱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ጥቁር ስክሪን ሆኖ ይቀራል፤ ስልኩም እንደ ካውያ ይሞቃል።

አሁን ጓደኞቼ ሁሌ ወደሚጠይቁኝ ጥያቄ ልምጣ። ይህን ሁሉ ከመልፋት አዲስ የታደሰውን ቨርዥን ለምን አትጫወትም?

ካለ ደስ ይለኛል። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ የሉም። ሚድታውን ማድነስ አንዱ ነው። የእውነተኛ ኩባንያዎች መኪና ያለበት ጌም እንደገና ሊሸጥ ሲታሰብ ከየመኪና ፋብሪካው እንደገና ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለ1999 ጌም ማን ይህን ይከፍላል?

ከዚህ የባሰም አለ። ኖ ዋን ሊቭስ ፎርኤቨር የተባለው የ2000 የስለላ ጌም በጣም የተወደደ ነበር። የድሮ ጌም በማደስ የሚታወቀው ናይትዳይቭ ስቱዲዮስ ሊያድሰው ተነሳ። ኩባንያዎቹ ሲሸጡ ሲለወጡ ኖረው፣ መብቱ የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ጠፋ፤ ፕሮጀክቱ ቀረ። ማይክል ሄለር የሚባሉ የሕግ ምሁር በ1998 ስለ ሞስኮ የጻፉትን ያስታውሰኛል። ሱቆቹ ባዶ፣ ፊት ለፊታቸው ያሉት የእግረኛ መንገድ ኪዮስኮች ግን በዕቃ የተሞሉ። ለምን? በአንዱ ሱቅ ላይ መብት ያለው ብዙ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መከልከል ይችላል፣ መክፈት የሚችል ግን የለም። የወል ግጦሽ ሁሉም ስለሚበላው ያልቃል እንላለን፤ ይሄኛው ማንም ስለማይበላው ይበሰብሳል።

ታድሶ የመጣውም ሁሌ ያው አይደለም። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2014 አፕዴት ሲደረግ የዘፈን ፈቃድ ስላለቀ ከመኪናው ሬዲዮ በርካታ ዘፈኖች ተነሱ። በ2021 ሮክስታር ሦስቱን ጌሞች አድሶ ሲያወጣ አስቀድሞ የድሮዎቹን ከመደብር አንስቶ ነበር፤ አዲሶቹ በስህተት የተሞሉ ሆነው ሲወጡ ይቅርታ ጠይቆ የድሮዎቹን ለኮምፒውተር መለሰ። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለው ኮፒ ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ ዘፈን አያወጣበትም።

ለማደስ ፍትሐዊ ልሁን። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 በ1999 ሲወጣ ኢትዮጵያውያን አልነበሩበትም። ጌሙን ማሻሻል የጀመሩት ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው፤ በኋላ ኩባንያው ሥራውን ሰጣቸው። በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ተጨማሪ ሲወጣ ኢትዮጵያውያን ገቡ፦ ሾተል የያዘ ወታደር፣ የዮዲት ታሪክ፣ ደግሞ ሠራተኛውን ስትነኩት በአማርኛ ይመልስላችኋል። የ1999ኙን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ብቻ አስቀምጠነው ቢሆን ይህን አናገኝም ነበር። ሁለቱም ላፕቶፔ ላይ አሉ፤ አንደኛው ሌላውን አይተካም። ችግሩ እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኘው ገዢ ያለው ጌም ብቻ መሆኑ ነው። ገዢ የሌለው የሚኖረው አንድ ሰው ፋይሉን ስላልደለተው ነው።

እና ይሄኛውን ሥራ እኛ እንችልበታለን። የኤክስፒ ፈቃድ ዛሬ አይሸጥም፤ የድሮ ኮምፒውተር ገዝቶ የነበረ ሰው ግን ቁጥሩ ያለበት ስቲከር አሁንም ሳጥኑ ላይ ሊኖር ይችላል። ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ሲዲዎች ካሉ ሳይላጡ ዛሬውኑ አይኤስኦ አድርጓቸው። ሁሉንም አስገብታችሁ ስትጨርሱ ኤክስፒውም ጌሙም ሴቭ ያደረጋችሁትም አንድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ ለአክስት ልጅ ብትሰጡ ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ፍላሹ ብዙ ቦታ እያለው አልቀበልም ካላችሁ ፋት32 ሆኖ ይሆናል፤ እሱ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይወስድም። ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት አድርጉት፤ ከዚያ በፊት ግን ውስጡ ያለውን ፎቶ አውጡ።