ነገርን ከሥሩ፤ ዜማን ከምንጩ

ዜማን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ዜማው ከማን አፍ፣ ከየትኛው ደብር፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የጥናት ሁሉ መጀመሪያ እርሱ ነው፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» መባሉም በከንቱ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ስለ ዜማና ስለ ሙዚቃ ለመመርመር ለሚያስቡ ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች፣ ምንጩ ወዴት እንዳለና እንዴት እንደሚቀዳ ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የደረሰው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ትውፊት ይነግረናል፤ ምልክቶቹን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩአቸው ይተረካል። ድጓን የገለጠ ሰው ከንባቡ በላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ያያል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት የሚባሉት የድምፁን አካሄድ ያሳያሉ። ጥቃቅኖቹ ፊደላት ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የአንድ ንባብ ዜማ የሚያስታውሱ አኅጽሮቶች ናቸው። እንግዲህ ያንን ዜማ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ፊደሉ ዝም ይላል። ከዚህም የተነሣ የዜማ ተመራማሪ የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት መምህሩ ናቸው።

መምህራንም ሁሉ በአንድ ስልት አያዜሙም። ድጓ የቤተ ልሔም፣ የአጫብር፣ የቆማ፣ የተጉለት እየተባለ ይለያል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከዙር አምባ፣ ቅዳሴም ከሰለልኩላና ከደብረ ዓባይ ስም ጋራ ተያይዞ ይጠራል። ስለዚህ ልጃችን በሰፈሩ ወዳሉት መሪጌታ በትሕትና ቀርቦ፣ «የኔታ፣ ድጓውን ከማን ተማሩ? እርሳቸውስ ከማን?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሰጡትንም መልስ በደብተሩ ይጻፍ። አንድ ትልቅ መምህር ባረፉ ጊዜ ለደቀ መዝሙር ያላስተላለፉት ሁሉ አብሮአቸው ይቀበራልና ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ተማሪ አስቀድሞ ስድስት ኪሎን ያስብ። በዚያ፣ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛል፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ የብራና መጻሕፍትንና መጽሔቶችን ይጠብቃል፤ በሙዚየሙም የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር የተባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአገራችን የሚታተሙ መጻሕፍት በሕግ ገቢ የሚሆኑለት ስለ ሆነ፣ ከገበያ የጠፉ መጻሕፍትን የሚሻ ሰው ወደዚያ መሄድ ይገባዋል። ስለ መሣሪያና ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ ለሚያጠና ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለመመረቂያ ከጻፉአቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይነበባሉና፣ ለመኪና ከመክፈል በፊት በቤት ሆኖ እነርሱን መመልከት ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል።

ወደ እነዚህ ስፍራዎች የሚሄድ ሰው መታወቂያውንና ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሰበካው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ቢይዝ ሥራው ይቀልለታል። ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄውን በአንድ መሥመር ጽፎ ይሂድ። «ስለ ዜማ ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ክምር መጻሕፍት ታይቶት ግራ ተጋብቶ ይመለሳል፤ «ስለ ጸናጽል አመታት የተጻፈ አላችሁ?» ያለ ግን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ምንጭ በባሕር ማዶ ያለው ሀብታችን ነው። በፈረንጆች 1973 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል በተባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ከእነርሱ ብዙዎቹን ዘርዝረው ያስረዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዛሬ በነጻ የተመዘገበ ሰው ከእነዚህ ብራናዎች ብዙዎቹን በቡራዩ ተቀምጦ በስልኩ ሊመለከት ይችላል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ለጥፋት የተጋለጡ መዛግብትን ለማዳን ባቆመው መርሐ ግብር የኢትዮጵያ ብራናዎችን በኢንተርኔት አውጥቶአል። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ የተባሉ ሊቃውንት ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 (በፈረንጆች) ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በሦስት ቅጽ የጻፉት መጽሐፍ ምልክቶቹን ከድምፅ ቅጂ ጋራ አስተባብሮ ያቀርባል።

በዚህ ፍለጋ ጀማሪን የሚያሰናክሉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፊደል ነገር ነው፤ «ጸናጽል» ብሎ የፈለገ «ፀናፅል» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ በላቲን ፊደልም ድጓን አንዱ በአንድ «ጂ»፣ ሌላው በሁለት «ጂ» ይጽፈዋል። ስለዚህ ቃሉን በየአጻጻፉ እየለዋወጡ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ስም ነው፤ የውጭ አገር መዝገብ አንዳንድ ጊዜ የአባትን ስም ያስቀድማልና በሁለቱም መሞከር ያሻል። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የእኛና የፈረንጆች ዓመት በ7 ወይም በ8 ይለያያልና፣ በየትኛው እንደ ተቈጠረ ሳያረጋግጡ ዓመተ ምሕረትን መገልበጥ ስሕተትን ያወርሳል።

አሁን ወላጆችን ወደሚመለከተው ዋና ነገር እንምጣ። በየቤታችን ባለው የእጅ ስልክ እጅግ ብዙ ወረብና መዝሙር ይሰማል፤ ነገር ግን ያዜሙት እነማን እንደ ሆኑ፣ በየት ደብር፣ በማን ስልት፣ መቼ እንደ ተቀዳ የሚናገር ጽሑፍ በብዙዎቹ ላይ አይገኝም። እንዲህ ያለው ቅጂ ጆሮን ደስ ያሰኛል፤ ለጥናት ግን የፊት ገጹ ተቀድዶ እንደ ወደቀ መጽሐፍ ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ ድምፅ ራሱ መጽሐፉ ስለ ሆነ፣ ስም የሌለው ቅጂ ከማንም ይልቅ እርሱን ይጎዳዋል።

በደኅና የተመዘገበ ቅጂ ምን እንደሚጠቅም በሌላው ሙዚቃችን ታይቶአል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ያወጣቸው ሲዲዎች ስለ ተጫዋቾቹና ስለ ዘመናቸው የሚያስረዳ ጽሑፍ ያላቸው ናቸው። በ11ኛው የአለሙ አጋ በገና፣ በ2006 (በፈረንጆች) በወጣው በ21ኛውም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ለዓለም ተሰምቶአል።

ይህን ለማድረግ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ልጃችን በሱሉልታ ባለው ደብሩ የክብረ በዓልን ማኅሌት በመምህራኑ ፈቃድ ሲቀዳ፣ ከመጀመሩ በፊት ዕለቱን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የደብሩን ስም፣ የመሪውን ስምና የተማሩበትን ቦታ፣ የቁሙን ወይም የወረቡን ስም በራሱ ድምፅ ይናገር፤ ያንኑም በደብተር ይጻፍ። ከቅጂውም አንዱን ለደብሩ ይስጥ። አባትና እናትም ለዚህ የሚሆን አንድ ደብተር ገዝተው በቤታቸው መደርደሪያ ያኑሩ። ዛሬ በአንድ መሥመር የተጻፈው የአንድ መምህር ስም፣ ነገ ምንጩን ለሚሻ ተማሪ መንገድ ያሳየዋልና።