ያውቁ ኖሯል? የግሪክኛው መምህር በባርነት የተወለዱ ነበሩ

እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካ የታተመ አንድ የጥንታዊ ግሪክኛ መማሪያ ደራሲ በባርነት የተወለዱ ሰው መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል?

ዊልያም ሳንደርስ ስካርቦሮ ይባላሉ፤ በ1852 ጆርጂያ ግዛት፣ ሜከን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነፃ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ግን በባርነት ላይ ነበሩ፤ ሕጉም ልጅን የሚቆጥረው በእናቱ ነበርና የአባታቸው ነፃነት አልደረሳቸውም። ባሪያን ፊደል ማስቆጠርም በግዛቲቱ ክልክል ነበር። እሳቸው ግን በልጅነታቸው ተደብቀው ማንበብ ቻሉ፤ ድብቁ ትምህርት መቼም ሩቅ አደረሳቸው። ከኦበርሊን ኮሌጅ በ1875 ተመረቁ። ከጥንታዊው ግሪካዊ ጸሐፊ ከዜኖፎን ሥራዎች የተመረጡ ምንባቦችን የያዘውን ያንን የግሪክኛ መማሪያ ሲያሳትሙ ገና 29 ዓመታቸው ነበር። ኦሃዮ በሚገኘው ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረው፣ ከ1908 እስከ 1920 በፕሬዚዳንትነት መሩት።